መቶ ሃያ ዓመት እንድኖር ስለ ተወሰነልኝ

ለክቡር የጡረታ ክፍያ ምርጫ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም የማንበቢያ መነጽርዎ ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ካሁን በፊት የላክኋቸው አራት ማመልከቻዎች መልስ ሳያገኙ በመቅረታቸው የመነጽርዎ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል። እንደ ወጉ ዕድሜና ጤና ልመኝልዎ ይገባኝ ነበር። ጤናውን ያለ ስስት እመኝልዎታለሁ። ዕድሜውን ግን በቁጥር ከመግለጽ እንድቆጠብ ይፍቀዱልኝ፤ በጽሕፈት ቤትዎ ውስጥ በጨዋነት የተነገረ ቁጥር ሰውን ምን እንደሚያደርግ በራሴ ላይ አይቻለሁና።

ክቡርነትዎ እኔን በፋይል ቁጥር እንጂ በመልክ ስለማያውቁኝ ራሴን ላስተዋውቅ። ሠላሳ አራት ዓመት ሚዛን መርማሪ ነበርኩ። የመንግሥትን የሚዛን ድንጋዮች በእንጨት ሣጥን ተሸክሜ ከገበያ ገበያ እየዞርኩ፣ ልክ የሆነውን ሚዛን ማኅተም እየመታሁ፣ የዋሸውን በቀለጠ እርሳስ እያሸግሁ ኖሬአለሁ። ይህ ሥራ ካስተማረኝ ነገር ሁሉ አንዱን ብቻ ልጥቀስ፦ ሚዛን ሲፈተን መጀመሪያ የሚታየው ባዶውን ነው። ምንም ሳይጫንበት ዜሮ የማይል ሚዛን፣ ምንም ቢጫንበት እውነት አይወጣውም።

ባለፈው ወር ስልሳ ዓመት ሞላኝና በዚህ ወር መባቻ ጽሕፈት ቤትዎ ባለ ሁለት ገጽ ቅጽ ሰጠኝ። ቅጹ ሌላው ሁሉ ተትቶ ሲታይ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የተጠራቀመልኝን በአንድ ጊዜ ጠቅልዬ ልውሰድ ወይስ ነፍሴ እስክትወጣ በየወሩ ልቀበል? ለመምረጥ ሠላሳ ቀን ተሰጥቶኛል፤ አንዴ የመረጠ ሰው እንደማይመለስም ከግርጌው በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ለሠላሳ አራት ዓመት ድካም ሠላሳ ቀን ማሰቢያ መስጠትዎ ለዓመት አንድ ቀን እንኳን ስለማይሞላ፣ ጎደለ ብዬ ሳልከራከር በምስጋና ተቀብያለሁ።

ጥያቄው ለእኛ ቤት ቀላል አልነበረም። እኔና ባለቤቴ ሃያ ሁለት ዓመት የተከራየናቸው ሁለት ክፍሎች አሉ። አከራያችን ሊሸጧቸው ነው፤ ደግ ሴት ስለሆኑም እስከዚህ ወር መጨረሻ ድረስ ቅድሚያውን ለእኛ ሰጥተዋል። ከእኛ ቀጥሎ ተራ የያዘው አንድ ጎማ ነጋዴ ነው። ባለፈው ሰኞ መጥቶ መኝታ ክፍላችንን በእርምጃ ለካ፤ አልጋችን ጋ ሲደርስ ይቅርታ ጠይቆ ዞረና አልጋው ያረፈበት ቦታ ብቻ አርባ ጎማ እንደሚይዝ ለባለቤቴ በደስታ ነገራት። ባለቤቴም ጨዋ ናትና «ይበርክትልህ» ብላ ሸኘችው።

በአንድ ጊዜ ብወስድ ሁለቱ ክፍሎች የእኛ ይሆናሉ፣ ነገር ግን ለጉሮሮ የሚተርፍ አይኖርም። በየወሩ ብቀበል ጉሮሯችን ይረጥባል፣ ነገር ግን ደጅ ነን። እኔ ቤቱን አልኩ፤ ባለቤቴ «ጣሪያ አይበላም» አለችኝ። እኔም ደጅ ላይ የቀረበ ምሳ ለአላፊ አግዳሚ እንጂ ለባለቤቱ እንደማይደርስ አስረዳኋት። እንዲህ ስንባባል ሳምንት አለፈ፤ በስምንተኛው ቀን እኔ በእሷ ሐሳብ ተሸነፍኩ፣ እሷም በዚያው ቀን በእኔ ተሸንፋ ኖሮ፣ ጠቡ ከሌላው ጫፍ እንደ አዲስ ተጀመረ። በመጨረሻ ዳኛ የሆነችን መንገድ ዳር ያለችው መስኮታችን ናት። ቤቱን ገዝተን፣ መስኮቷን ከፍቼ፣ ሚዛን እየጠገንኩ እንድንኖር ተስማማን። ባለቤቴም «መርማሪ ሆነህ ያሸግኸውን ጠጋኝ ሆነህ ትከፍትላቸዋለህ፤ ሥራ እንደሆነ አያልቅብህ» ብላ ሳቀች። ከሳቀች ቆይታ ነበር።

እንግዲህ መርጠን ነው የመጣነው፣ ክቡር ሆይ። ቁርጥ ያለ ሐሳብ ይዞ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ የሚመጣ ሰው የሚያገኘውን መስተንግዶ በቅደም ተከተል እንዳመሰግን ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ፦ በአራተኛው መስኮት ስለ ተቀመጠችው ልጅ። አደራዎን እንዳይቀጧት፤ እንዲህ ያለ አስተዳደግ በዚህ ዘመን ብርቅ ነው። የቅጹ ተራ ቁጥር ዘጠኝ «ባለመብቱ እስከ ስንት ዓመቱ እንደሚኖር ይጠበቃል?» ይላል። እኔ «ፈጣሪ ያውቃል» ብዬ ጻፍኩ። ልጅቷ በአክብሮት መለሰችልኝና ኮምፒውተሩ እዚያ ቦታ ላይ ከቁጥር በቀር እንደማይቀበል ነገረችኝ። አየኋት፤ አየችኝ። የሰው ልጅ ሆና ሽማግሌን መቼ ነው የሚሞቱት ብላ መጠየቅ አልቻለችም፤ እኔም ልጄ በምትሆን ሴት ፊት የሞቴን ቀን መጥራት አሳፈረኝ። ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ማሳል ጀመረ። በዚህ ጭንቅ ውስጥ ልጅቷ አንገቷን ደፍታ «መቶ ሃያ ዓመት ይኑሩልኝ አባባ» አለችና ያንኑ ቁጥር ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባችው። እኔም «አሜን» አልኩ። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሳልፈትን ማኅተም የመታሁት ያንን አሜን ብቻ ነው።

፪ኛ፦ በሦስተኛው ቀን ስለ ደረሰኝ የደስታ መግለጫ። ደብዳቤው ስለ ረጅም ዕድሜዬ እንኳን ደስ ያለህ ይለኝና ሁለት የምሥራቾችን ያስከትላል። የመጀመሪያው፣ በመመሪያው መሠረት ከሰባ አምስት ዓመት በላይ ይኖራል ተብሎ የሚጠበቅ ሰው ገንዘቡን በአንድ ጊዜ መውሰድ አይፈቀድለትም፤ ቶሎ ጨርሶት በቀሪ ዘመኑ እንዳይቸገር ታስቦለታልና። ሁለተኛው፣ የየወሩ ክፍያዬ በቀሪዎቹ ስልሳ ዓመታት ተካፍሎ ተሰልቶልኛል። መጠኑን እዚህ ጠቅሼ ጽሕፈት ቤቱን አላስመሰግንም፤ ልቀበለው የምመጣበትን የአውቶቡስ ዋጋ ሸፍኖ ለመመለሻው ጥቂት እንደሚጎድለው መናገር ይበቃል። በዚህ ላይ በየሦስት ወሩ በአካል ቀርቤ «አለሁ» ብዬ እንድፈርም ታዝዣለሁ። ከጥቂት ቀናት በፊት ከሁለት አንዱን ለመምረጥ ተጨንቄ እንቅልፍ ያጣሁ ሰው ዛሬ ያ ጭንቀት እንዴት ያለ ምቾት እንደነበር እያሰብኩ እናፍቀዋለሁ።

፫ኛ፦ ስለ እርማቱ ሥርዓት። ስሕተቱን ለማስተካከል በማግስቱ ብመጣ ወደ ስድስተኛው መስኮት ተመራሁ። በዚያ እንደተረዳሁት በጽሕፈት ቤትዎ ዕድሜን ማስረዘም በአንዲት ልጅ ደግነት ይፈጸማል፤ ማሳጠር ግን ማመልከቻ ይፈልጋል። ማመልከቻው «ዕድሜዬ እንዲያጥርልኝ ስለ መጠየቅ» ይባላል፤ ርዕሱን እኔ አልፈጠርኩትም፣ ታትሞ የተቀመጠ ነው። ከእሱም ጋር ወይ የሐኪም ማስረጃ ይያያዛል፣ ወይ ደግሞ አመልካቹን ከዐሥር ዓመት በላይ የሚያውቁ፣ ዝምድና የሌላቸው ሁለት ምስክሮች፣ ሰውዬው ከተባለው ዓመት እንደማያልፍ በፊርማቸው ማረጋገጥ አለባቸው።

፬ኛ፦ ማመልከቻው በሚሞላበት ጠረጴዛ ላይ ያለው እስክሪብቶ በገመድ ታስሯል፤ ገመዱም ከገጹ ግማሽ በላይ አያስኬድም። ወረቀቱን ወደ እስክሪብቶው እየጎተትኩ ጻፍኩ። ያንን ገመድ የለካው ባለሙያ የጽሕፈት ቤቱን ዓላማ ከማንም በላይ የተረዳ ይመስለኛል።

፭ኛ፦ ስለ ሐኪሙ። መርምሮ ሲጨርስ ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ «ይሄ የጎረምሳ ልብ ነው» አለኝ። እንደገና እንዲያዳምጥ ለመንኩት፤ አዳመጠ፣ ይብሱን ተደሰተ። ከሃያ ዓመት በፊት የተውኩትን ሲጋራ ባነሳለት ጉዳቱ ገና ድሮ እንዳለፈ ነገረኝ፤ አንዲት ትንሽ ነገር እንኳን ፈልጎ እንዲያገኝልኝ ብማጸነው ፊቱ ተለወጠና ቤት ውስጥ ሰላም እንደሆንኩ ጠየቀኝ። «ፍጹም ጤነኛ» የሚለውን ወረቀቱን በኪሴ ይዤ ስወጣ እንደዚያን ቀን ታምሜ አላውቅም።

፮ኛ፦ ስለ ምስክሮቹ፤ በዚህ ረዘም ብዬ ባስቸግርዎ ይቅር ይበሉኝ፣ ጉዳዬ ታንቆ የቀረው እዚህ ነው። በማመልከቻው ላይ እስከ ሰባ ሁለት ብዬ ሞላሁና መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ፀጉር አስተካካዬ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ምላጭ ጉሮሮዬ ላይ ሲያሳርፍ ያመንኩት ሰው ነው። ወረቀቱን አንብቦ ፎጣውን ከትከሻዬ ላይ አነሳና «እኔ ፀጉር እንጂ ዕድሜ አላሳጥርም ጋሼ» ብሎ ሳይላጨኝ አስነሣኝ። ቀጥሎ ጎረቤታችን ጡረተኛው መምህር ጋ ሄድኩ፤ ከላይ እስከ ታች አነበቡት፣ የእጅ ጽሕፈቴን አደነቁ፣ ከዚያም የሰው ሞት ላይ ፈርመው ለልጆቻቸው ጠባሳ እንደማያወርሱ ነግረውኝ በር ድረስ ሸኙኝ። ሣጥኑን በወዲያ በወዲህ ይዘን ሠላሳ ዓመት የተሸከምነው ባልደረባዬማ «ከአንተ በፊት እኔን ያርገኝ» ብሎ እንባው መጣ፤ ሳጽናናው ዋልኩ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው፣ የቀረኝ በር አንድ ብቻ ነበርና ወደ ሙሉ ኪሎ ሄድኩ።

ሙሉ ኪሎ የእህል ነጋዴ ነው፤ ስሙን ገበያተኛው ያወጣለት በሕይወቱ ሙሉ ኪሎ ሸጦ ስለማያውቅ ነው። ሚዛኑን ሦስት ጊዜ አሽጌበታለሁ። አንድ ጊዜም ከሚዛኑ ሥር በሰም የተጣበቀ የብረት ቁራጭ አውጥቼ ደንበኞቹ ፊት አስቀምጬበታለሁ። ጉዳዬን ስነግረው ፊቱ እንደ ሙሽራ በራ። ወንበር አስመጣልኝ። ሰባ ሁለት የሚለውን ሲያነብ ግን ቅር አለውና «ምነው እንዲህ አበዛኸው?» አለኝ። እስካሁን መቆየቴም እንዳስገረመው፣ ይህንንም ያለ ምንም ክፍያ በየትኛውም ሸንጎ እንደሚመሰክር ነግሮኝ፣ በደማቁ ፈረመ፤ አስተያየት በሚለው ቦታም «ከፊቱ ይታያል» የሚል ጨመረበት። ስወጣ በገዛ እጁ አንድ ኪሎ ምስር መዝኖ አስያዘኝ። ቤት ደርሼ በራሴ ሚዛን ባየው ስምንት መቶ ስልሳ ግራም ነው። በዚህ ወር ካጋጠመኝ ነገር ሁሉ ባለበት የቆየ አንድ ነገር በማግኘቴ፣ እውነቴን ነው፣ ተጽናናሁ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ አንድ ምስክር አለኝ፤ ሁለተኛው ጠፋ። በሠላሳ አራት ዓመት አገልግሎት አንድ ጠላት ብቻ ማፍራቴ የሥራዬን ድክመት ያሳያል። ትጋት ቢኖረኝ ኖሮ ዛሬ ምርጫ ይኖረኝ ነበር።

፯ኛ፦ ይህ ቅሬታ አይደለም፤ በቁጥር ስለጀመርኩ በቁጥር ገባ። ማመልከቻውን ከባለቤቴ ደብቄ ነበር፤ አልጋ ልብስ ስታነጥፍ ከትራሱ ሥር አገኘችው። አልጮኸችም። ሁለት ቀን ሙሉ ከ«ምሳ ቀርቧል» በቀር አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወረቀቱን ፊቴ ዘርግታ «ለምን ሰባ ሁለት?» አለችኝ። ከሰባ አምስት መውረድ ስላለበት፣ በጣም ከተጠጋው ግን አጣሪው እንዳይጠራጠር ብዬ፣ ጥቂት ዝቅ እንዳደረግሁት አስረዳኋት። ጣቷን ቁጥሩ ላይ አድርጋ «ሰባ አራት አድርገው። ሁለቱን ዓመት ለምን ትሰጣቸዋለህ?» አለች።

ሠላሳ አራት ዓመት ስመዝን ሁለት ዓመት ምን ያህል እንደሚከብድ አላውቅም ነበር።

ሰባ አራት አደረግሁት። ስድስተኛው መስኮትም ስርዝ ድልዝ ያለበት ቅጽ ተቀባይነት እንደሌለው አሳውቆኝ አዲስ ሰጠኝ፤ ሙሉ ኪሎ ዘንድ ተመልሼ ዳግመኛ አስፈረምኩት። ሁለት ዓመት መጨመሩን ሲያይ ቃሌን የማጥፍ ሰው እንዳልመሰልኩት በቁጭት ነገረኝ፤ ለወጉ ያህል ግን ፈረመ።

ዛሬ ወሩ በገባ በሃያ አራተኛው ቀን ላይ ነን። በሠላሳኛው ቀን ሁለተኛው ፊርማ ካልተገኘ መቶ ሃያው ይጸናል፤ አከራያችንም በዚያው ቀን የጎማ ነጋዴውን ቀብድ ይቀበላሉ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍኩት ላስወቅስዎ ሳይሆን አንድ ነገር በትሕትና ልለምንዎ ነው፦ ሁለተኛው ምስክር እርስዎ ይሁኑልኝ።

መመሪያውን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ከእርስዎ የተሻለ የሚያሟላ ሰው የለም። አመልካቹን ከዐሥር ዓመት በላይ የሚያውቅ ይላል፤ ጽሕፈት ቤትዎ በየወሩ ከደመወዜ ድርሻውን ሲያነሣ ሠላሳ አራት ዓመት አውቆኛል፣ አንድ ወር እንኳን ዘንግቶኝ አያውቅም። ዝምድና የሌለው ይላል፤ በመካከላችን አንዳችም ርኅራኄ እንዳልነበረ አራቱ ማመልከቻዎቼ ይመሰክራሉ። አመልካቹ ረጅም ዕድሜ እንደማይኖረው የሚያምን ይላል፤ መልስ ለመስጠት የሚወስድብዎን ጊዜ ስመለከት፣ መልሱ ሲደርስ በሕይወት እንዳልቆይ ከማንም በፊት ያመኑት እርስዎ ነዎት። ወዳጆቼ ሁሉ ስለወደዱኝ እምቢ ባሉኝ ነገር ላይ፣ ያለ ምንም የኅሊና ወቀሳ ሊፈርሙልኝ የሚችሉ ሰው በማግኘቴ ዕድለኛ ነኝ።

ቅጹ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። የሚፈርሙበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጌበታለሁ፤ ከሙሉ ኪሎ ፊርማ ቀጥሎ ነው። ከእንዲህ ያለ ሰው ጎን መፈረም የሚከብድዎ ከሆነ፣ እሱም ስምዎን ሲሰማ ተመሳሳይ ቅሬታ አቅርቦ እንደነበረና በብዙ ልመና እንዳለዘብኩት ቢያውቁት ይቀልልዎታል።

ስለ ደጉ አገልግሎትዎ፣ ስለ ሰፊው አዳራሽዎ፣ እግሩ በአሮጌ መመሪያዎች ስለ ተደገፈው አግዳሚ ወንበርዎ፣ ከሁሉም በላይ ከሚገባኝ እጥፍ አድርገው ስለ ሰጡኝ ዘመን ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣ በሰነድ ደረጃ ገና በዕድሜው እኩሌታ ላይ የሚገኘው፣

የቀድሞው ሚዛን መርማሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፊርማዎ ባይደርሰኝም ቅር እንደማልሰኝ እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። ያን ጊዜ ቤቱ ለጎማ ይሆናል፤ ለእኔ የሚቀረኝ ንብረት እርስዎ ያጸኑልኝ ቁጥር ብቻ ነው፣ እኔ ደግሞ የጸና ቁጥር አጉድዬ አላውቅም። በየሦስት ወሩ፣ በጠቅላላው ሁለት መቶ አርባ ጊዜ፣ መስኮትዎ ፊት ቆሜ «አለሁ» እላለሁ፤ በወንበርዎ የሚተካውን እያንዳንዱን ኃላፊም ነፍስዎን ይማረው እያልኩ ሥራውን አስጀምራለሁ። ለመመለሻው አውቶቡስ ጥቂት ስለሚጎድለን ከአንዱ «አለሁ» እስከ ሌላው እዚያው እንቆያለን። ባለቤቴ ትናንት አብራኝ መጥታ በስድስተኛው መስኮት ፊት ያለውን አግዳሚ ወንበር በስንዝር ለካችው፤ ሁለት ሰው ከነትራሱ ይይዛል።